እጇ መንቀጥቀጥ ያቆመበት ሳምንት

ሐሙስ 6

እትዬ ዛሬም ክር በመርፌ ማስገባት አቃታት። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በአራተኛው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወችውና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር።

የታላቅ እህታችን እጅ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ እጅ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ሽቦ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ያደግነው በዚያ እጅ ነው። ሽቦ የምንለው ታናሽ ወንድማችንን ነው፤ ሥራውም የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፣ ቁመናውም ያው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የእትዬ ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ አንዱን ኩላሊቱን የሰጣት እሱ ነው። የእኔ አልገጠመም።

ሰውነቷ የሰው ኩላሊት መሆኑን አውቆ እንዳይጥለው በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ የምትውጠው ኪኒን አለ። እጇን የሚያንቀጠቅጣት እሱ ነው። ሐኪሟ «የታወቀ ነው፣ ይለምዱታል» ይላታል። እሷ ግን ደንበኞቿን አንድ በአንድ መለሰች። አሁን ደግሞ እንቅልፉንም ምግቡንም ትታዋለች። ማታ «በወንድሜ ኩላሊት ጣሪያ እያየሁ ልኑር?» አለችኝ። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩላት።

ቅዳሜ 8

መንፈስ የሚያረጋጋ እንክብል ገዛሁላት። ከዕፅዋት የተሠራ ነው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ፋርማሲስቷ «ለማን ነው? ሌላ መድኃኒት ይወስዳል?» ስትለኝ «ለራሴ ነው» አልኳት። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ የእትዬን ታሪክ እዚያ ቆሜ መተረክ አልፈለግሁም።

የፊቱ ጽሑፍ «መቶ በመቶ የተፈጥሮ» ይላል። የጀርባው የጉንዳን እግር የሚያህል ነው። ሦስት መስመር አነበብኩና መነጽሬን ቤት ስለረሳሁ ተውኩት።

«ሐኪሙን ልጠይቀው?» አለች እትዬ።

«ለቅጠል ሐኪም ይጠየቃል እንዴ? እኔ አለሁልሽ አይደል?»

አለሁላት። ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ በዚህ ቤት መድኃኒት የሚባል ነገር በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ጎረቤት እንኳ ማሸጊያውን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። እንክብሉ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን እፊቴ ዋጠችው።

ማክሰኞ 11

ላቦራቶሪ ስድስት የናሙና ሳህን ሞላሁ። በእያንዳንዱ ዘጠና ስድስት ጉድጓድ። ምሳ የለም። ጣቴ ጠብታ መጨመሪያውን ሲጫን ውሎ ደንዝዟል። እትዬ ሌሊቱን አራት ሰዓት ያህል እንደተኛች ነገረችኝ።

ዓርብ 14

ሽቦ ራት ሊበላ መጣ። ገና ከበር «ቦምብ ሠሪዋ እንዴት ውላለች?» ይላል። ጥፋቱ የስሙ ነው። ላቦራቶሪያችን የሚያጠናው ነገር ኒውክሌር ሪሴፕተር ይባላል፤ ስሙን የሰማ ሁሉ አንድ ቀን ሰፈሩን የማቃጥል ይመስለዋል።

እትዬም እንድትሰማ ብዬ አስረዳሁት። ጉበት ሴል ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው፤ እኛ እርስ በርሳችን «ዘበኛው» ነው የምንለው። ሰውነት ያልሠራው፣ ከውጭ የመጣ ኬሚካል ሲገባ ይይዘዋል። እንደያዘውም የሴሉ አስኳል ውስጥ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና «ይህን የሚሰባብር ኢንዛይም በብዛት ይመረት» ብሎ ያዛል። ጉበት ያመርታል፣ እንግዳው ተሰባብሮ ይወጣል። እኛ በሳህን በምናሳድጋቸው የጉበት ሴሎች ላይ የአብሪ ትል ዘረ መል አያይዘንባቸዋል፤ ዘበኛው ሲነቃ ሴሎቹ ያበራሉ። የእኔ ሥራ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ናሙና እየጨመሩ የትኛው ጉድጓድ ምን ያህል እንዳበራ መመዝገብ ነው።

«መርዙን ከመድኃኒቱ በምን ይለየዋል?» አለ ሽቦ።

«አይለየውም። ለእሱ ሁሉም እንግዳ ነው። ደግሞ አንዴ ከነቃ የቀሰቀሰውን ብቻ አይደለም የሚያስወጣው። በዚያው ኢንዛይም የሚሰበር ሌላ መድኃኒት ካለ አብሮ ይጠርገዋል።»

«እንዲህ ያለ ዘበኛ እኛ መሥሪያ ቤት ቢቀጠር መጀመሪያ የሚያባርረው ሥራ አስኪያጁን ነው» አለ።

እትዬ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። ሽቦም ደነገጠና ቀና ብሎ አያት። እንክብሉ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው ብዬ ውስጤ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ 19

ክሩ ገባ! በአንዴ።

ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሁለት እጆቿን ዘርግታ «እይው፣ እስቲ እይው» ትለኛለች። ጸጥ ብለዋል። እንደ ድሮው። ለአንዲት ደንበኛዋ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታ ጨርሳለች፤ ሌሊቱንም ሰባት ሰዓት ተኝታለች። «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን እሆን ነበር?» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ።

ሐኪሙ በሁለት ዓመት ያላስቆመውን መንቀጥቀጥ እኔ በአሥራ አንድ ቀን አስቆምኩት። ለሰው ባልናገረውም ኮርቻለሁ።

ዓርብ 28

የደም ምርመራ ቀን። ሦስታችንም ሄድን።

የዚያ የኪኒን መጠን በደሟ ውስጥ ሁልጊዜ ሰባት አካባቢ ነበር። ዛሬ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ሲጨምር የኩላሊቷን መድከም የሚያሳየው ቁጥርም ከፍ ብሏል፤ አንድ ነጥብ ሁለት የነበረው አንድ ነጥብ አምስት ሆኗል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ወረቀቱን ሁለቴ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መድኃኒቱን አቋርጠዋል እንዴ?» አላት።

«ኧረ በጭራሽ ዶክተር። አንድም ቀን።»

«አይፍሩኝ። እጅዎን ስለሚያንቀጠቅጥዎ ብዙ ሰው ይተወዋል። አሁን እጅዎ አይንቀጠቀጥም አይደል?»

እትዬ እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀቻቸው። ሽቦ ጎኑን፣ ጠባሳው ያለበትን ቦታ፣ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ።

መጠኑን በግማሽ ጨመረላት። ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሱ አለ። ኮሪደሩ ላይ እኔም «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አላለፈሽም?» አልኳት። ለምን ጠየቅኋት? ቀድማኝ ወደ መውጫው ሄደች።

ሰኞ 1፣ አዲስ ወር

ሽቦ የሰባቱ ቀን ስም የተጻፈበት የኪኒን ሣጥን ገዝቶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «የእኔ ኩላሊት ነው እትዬ። መጫወቻ አይደለም» አላት።

የእኔ ብሎ አያውቅም ነበር። በሁለት ዓመት አንዴም። እትዬ ሣጥኑን አንስታ ክፍሏ ገባች።

ሐሙስ 4

ላቦራቶሪያችንን የሚመራው ፕሮፌሰር ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ ለተማሪዎቹ ሲናገር ሰማሁ። «የመድኃኒቱ መጠን ከወረደ በሽተኛውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሌላ ምን እንደሚውጥ ጠይቁ።» ሁሌ የሚለው ነገር ነው። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ቤት ገብቼ የእንክብሉን ማሸጊያ ከመሳቢያዋ አወጣሁ። መነጽሬን አደረግሁ። አራተኛው መስመር ላይ የአንድ ቢጫ አበባ ስም አለ።

ዘበኛውን በኃይል የሚቀሰቅሱ ነገሮች ዝርዝር ላቦራቶሪያችን በር ላይ ተለጥፏል። አበባው ሁለተኛ ነው። ዝርዝሩን የተየብኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ 5

መጠኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አራተኛ የተጻፈው ትንሽ ቢሆን ነው። ማንም ሳያየኝ አንድ እንክብል ፈትቼ በአልኮል አሟሟሁ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሦስት ጉድጓድ። ቁጥር አልሰጠሁትም።

ቅዳሜ 6

አበራ። ከዝርዝሩ አንደኛ ከሆነውና ለማነጻጸሪያ ከምንጠቀምበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ አስነበብኩት። አልተሳሳተም።

ስለዚህ እጇ የቆመው ስለዳነች አይደለም። ኪኒኑ ከደሟ ስለተጠረገ ነው። እኔም አገላብጣ ስትስመኝ ጉንጬን ሰጠኋት።

እሁድ 7

እንክብሎቹን ወስጄ ሽንት ቤት ደፋኋቸው። ለእትዬ «ከገበያ ጠፍቷል» አልኳት።

«ውይ። እንቅልፍ ሰጥቶኝ ነበር» አለች፤ ሌላ አልጠየቀችኝም። የእኔን ነገር ሁልጊዜ ታምናለች።

ረጋ ብዬ አሰብኩበት። የሚቀሰቅሰው ነገር ከተቋረጠ ዘበኛው ይተኛል። ቀድሞ የተመረተው ኢንዛይም ግን በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገሩ በራሱ የሚስተካከል ከሆነ ቤቱን ማተራመስ ምን ይጠቅማል? ይሁን፣ ለማንኛውም ነገ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ።

ሰኞ 8

አልነገርኩትም።

ሦስት ነጥብ አንድ። ኩላሊቱ አንድ ነጥብ ዘጠኝ። ሐኪሙ ኪኒኑን ከመጀመሪያው እጥፍ አደረገው። ከጎኗ ተቀምጬ ነበር፤ አፌን ከፈትኩ። ሽቦ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል፣ እንዴት እንደሚያያት ደግሞ አየሁ። ያ ዓይን ወደ እኔ ሲዞር ታየኝና አፌን ዘጋሁ።

ለጊዜው እጥፉ ያስፈልጋታል። ኢንዛይሙ እስኪያልቅ ድረስ። ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።

ሰኞ 15

ሰባት ነጥብ አራት። ልክ የሚፈለገው።

«አዩ እትዬ?» አላት ሐኪሙ፤ እሱም እንደኛ እትዬ ማለት ጀምሯል። «ሳይቋረጥ ሲወሰድ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንገናኝ።»

እትዬ ወለሉን እያየች «እሺ ዶክተር» አለች። ድሮ ቢሆን አላቋረጥኩም ብላ ትሟገተው ነበር።

ኢንዛይሙ ገና አላለቀም፤ ከሳምንት በኋላ ሲያልቅ እጥፉ ኪኒን ደሟ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቁጥሩ ሰባት ላይ አይቆምም። ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «ቶሎ ቢታይ አይሻልም?» አልኩት። «ምን አሳሰበዎት?» አለኝ። «ምንም» አልኩ። ምላሴ ተሳሰረ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ደህና ነበር፤ ወደ ታክሲው ስንሄድ ስለ አየሩ ሳወራ ነበር።

ዓርብ 19

እትዬ ኪኒን በዋጠች ቁጥር በልብስ ጠመኔዋ መስፊያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መስመር ታሰምራለች። ምን እያደረግሽ ነው ስላት «እንዳልዋሽ» አለችኝ። «ምናልባት እኮ እየረሳሁ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው ሳያውቀው ይረሳል ይላሉ።»

«አትረሺም» አልኳት።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ማክሰኞ 23

እጇ እንደገና ጀመረ። ብርድ ነው። ብርጭቆ ወደቀባት። ሳህኖቹ አላለቁም፣ ነገ በጠዋት መግባት አለብኝ።

ሐሙስ 25

ብርድ አይደለም። ሹካ እንኳ መያዝ አቅቷታል። ራሷን ይፈልጣታል፣ የበላችውን ታስመልሳለች። የማታውን ኪኒን ልትውጥ ስትል እጇን ያዝኩት።

«የዛሬውን እለፊው እትዬ።»

አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺም? አቋረጥሽ ብላችሁ ስታሰቃዩኝ ከርማችሁ አሁን ደግሞ አቋርጪ ትይኛለሽ?» አለችና ዋጠችው። ጠመኔውን ለመያዝ ሁለት እጅ አስፈለጋት። መስመሩ ጠማማ ሆነ።

ምክንያቱን ብነግራት ትተወው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ነገ ጠዋት በቀጥታ ሆስፒታል።

ዓርብ 26

ሃያ ሁለት። ኩላሊቱ ሁለት ነጥብ ስምንት። አስተኟት።

ሐኪሙ አሁን ደግሞ «ከታዘዘው በላይ ወስደዋል?» ብሎ ጠየቃት። እትዬ ትራሱ ላይ እንደተኛች «ሊሆን ይችላል። ረስቼ ደግሜው ይሆናል። ራሴን አላምነውም ዶክተር» አለችው። መስመሮቹን እኔ ቆጥሬያቸው ነበር። አንድም ትርፍ፣ አንድም ጎዶሎ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ሽቦ «ከእንግዲህ ኪኒኑ እጇ ላይ መሆን የለበትም። ጭንቅላቷ እየደከመ ነው፣ ሰው ያስፈልጋታል» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንቺ ያዢላት። ከመካከላችን የሚያውቅ አንቺ ነሽ።»

ሐኪሙ የፈራው ሰውነቷ ኩላሊቱን መጣል ጀምሮ እንደሆነ ነው። ቁጥሩ አንዴ ወርዶ አንዴ ሲወጣ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? ነገ በመርፌ ከኩላሊቱ ናሙና ወስደው፣ ሳይውል ሳያድር ሰውነቷን የሚያዳክም ከባድ መድኃኒት ሊጀምሩላት ነው። ለሌላ በሽታ። እኔ ባልተናገርኩት ነገር ምክንያት።

ቅዳሜ 27

ተናገርኩ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሙን ቢሮው በር ላይ ጠበቅሁት። ቢሮው ገብተን ሁሉንም ነገርኩት። «ቀኖቹን በትክክል ያስታውሷቸዋል? መቼ ጀመረች፣ መቼ ተወች?» አለኝ። ይህን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቅዳሜ ስምንት። እሁድ ሰባት። ጻፈው። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«መጠኑን እጥፍ ያደረግሁ ሰኞ እዚህ ወንበር ላይ ነበሩ።»

«በቀጣዩም ሰኞ ነበርኩ» አልኩት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን አነሳና ናሙናውን አስቆመ፣ ኪኒኑን ለሁለት ቀን አገደ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ድሮው መጠን እንዲመለስ አዘዘ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን ሃያ ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ።

ለእትዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። እንክብሉን፣ አራተኛውን መስመር፣ ለፋርማሲስቷ ያልኩትን፣ ከገበያ ጠፋ ያልኳትን። ዘበኛውን ሳስረዳት አላዳመጠችኝም። እጄን ያዘችና አቋረጠችኝ።

«ታዲያ አልረሳሁም?»

«አልረሳሽም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን እትዬ።»

አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት እናታችን የሞተች ቀን ብቻ ነው። «ጭንቅላቴ የሄደ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሌሊት ሌሊት ስማችሁን እየጠራሁ ራሴን እፈትን ነበር።» ቀጥላ «ሽቦን ጥሪው። ከአንቺ አፍ ይስማው» አለችኝ፤ እጄን ለቀቀችው።

ረቡዕ 1፣ ሦስተኛው ወር

ወደ አሥራ አንድ ወርዷል። ራስ ምታቱ ለቋታል። ኩላሊቱ ሁለት ነጥብ ሁለት።

ሽቦ ከቅዳሜ ወዲህ አላናገረኝም። ዛሬ ሊፍቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ዞር ሳይል «የእኔ ኩላሊት ነው አልኳት እኮ» አለ። «አንቺ እያወቅሽ። እንደዚያ ያልኳት ምንም ሳታጠፋ ነው።»

እንደዚያ ያልካት ቀን አላወቅሁም ነበር ልለው ፈለግሁ። እውነትም ነው፣ ያወቅሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ግን ሦስት መስመር አንብቤ የተውኩት ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ መነጽሬን የረሳሁ መሆኑ ብቻውን አይበቃኝም። ሰው ሊያየው የማይፈልገውን ነገር ያለ መነጽርም ያውቀዋል። አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ።

ሰኞ 13

ስድስት ነጥብ ስምንት። ኩላሊቱ አንድ ነጥብ ሰባት ላይ ቆሟል። ሐኪሙ «ከዚህ በታች አይወርድም፣ ግን አብሮዎት ብዙ ዓመት ይቆያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አላት። ከዚህ በፊት አንድ ነጥብ ሁለት ነበር። በመሀል የጠፋው ከሽቦ የተወሰደ ነው፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ መጀመሪያው። ለእንቅልፏ ሌላ ሐኪም እያያት ነው። የመርፌ ክር የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ ሽቦ ከገበያ አምጥቶላት በቀን ሁለት ሰዓት ትሰፋለች።

ከሐኪሙ ስንወጣ ነርሷ ካርዱን ልታድስ ጠራችን። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ። ከዚያ «አንድ ነገር ቢፈጠር የምንደውልለት ሰው?» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ያለው የእኔ ስልክ ነው። ቁጥሬን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ቀደመችኝ። የሽቦን ስም ተናገረች፣ ቁጥሩንም በቃሏ አንድ በአንድ ጠራችው። እትዬ የማንንም ስልክ በቃሏ አታውቅም ነበር።

ነርሷ ጻፈች። እትዬ ልትፈርም ብዕሩን ስትቀበል እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ እኔ ዞረችና «ቦርሳዬን ያዢልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት።